የእማማ በላይነሽ ጉድጓድ

ባለፈው ሰኔ መነጽሬን ላሠራ ፒያሳ ሄድኩ። አሁን የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጆቼ «መነጽር እዚህ ሰፈራችንም ይሠራል፣ ምን አለ ብለሽ ነው እዚያ ድረስ የምትንከራተቺው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ምንም የለም። ቴዎድሮስ አደባባይ ከታክሲ ወርጄ ሽቅብ ስወጣ የማውቃቸው በረንዳዎች የሉም፣ የማውቃቸው የእንጨት ደረጃዎች የሉም፤ በቦታቸው ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት የተጠመጠመባቸው ዘንባባዎች ቆመዋል። አያምርም አልልም። ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሠራተኞች ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ ለውሃ ይሁን ለመብራት ገመድ እንጃ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ከቦዩ የወጣው ቀይ አፈር ርሶ ይሸታል። የሣር ሽታ የለበት፣ የቅጠል ሽታ የለበት፤ ከሥር፣ ፀሐይ ካላየው ቦታ የሚወጣ፣ ብረት ብረት የሚል የሸክላ ሽታ። እግሬ አልራመድ አለ። «እማማ፣ ይለፉ እንጂ፣ ያዳልጣል» አለኝ አንዱ ቆፋሪ። ያንን ሽታ የማውቀው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከእማማ በላይነሽ ጉድጓድ አፍ።

እኔ የተወለድኩት እማማ በላይነሽ ግቢ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን ፒያሳ አንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሰው ሱሪ ያጠባል፣ የሰው ኮት ይገለብጣል። ያኔ ያረጀ ኮት አይጣልም፤ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ሌላ አምስት ዓመት ይለበሳል። እናቴ ሸዋዬ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ትልከኝና እኔ በዚያው ፒያሳን ስዞር እውላለሁ። ከኬክ ቤቶቹ በር ላይ የሚወጣው የቅቤና የስኳር ሽታ፣ በስሙኒ ማኪያቶ ይዘው ባንኮኒው ላይ ግማሽ ቀን የሚደገፉት ባለ ባርኔጣዎች፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም፣ ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው አንዱ ሌላውን ለመዋጥ የሚለቁት ዘፈን። ክራር ከሳክስፎን ጋር ተደባልቆ ሽቅብ እስከ አራት ኪሎ መንገድ ይከተልሃል። የዛሬ ልጆች ሁሉም ጆሮው ውስጥ የየራሱን ዘፈን ወትፎ ይሄዳል፤ መንገዱ ዝም ብሏል። ያኔ አንድ ዘፈን ከወጣ ሰፈሩ በሙሉ ይታመምበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ድምቀት ቁልቁል ትንሽ ወረድ ሲሉ ግን ሌላ አገር ነው። የእኛ ግቢ ገደሉ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው፣ ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ የወጡ የጭቃ ግቢ ነበር። ባለቤቷ እማማ በላይነሽ ረጅም፣ ደረቅ፣ አጥንታቸው የሚቆጠር ሴትዮ ነበሩ። ነጭ ለብሰው ያያቸው ሰው የለም። ባላቸው በሞተ ጊዜ የለበሱትን ከል ሳያወልቁ አርጅተዋል፤ ከሉ ሲነጣ ደግመው ያስነክሩታል። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ። የቁልፉ ድምፅ ሲመጣ ጨዋታ ይቆማል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ዝም ይላል።

የመጡት ከቡልጋ ነው፤ ገና ጡታቸው ሳያጎጠጉጥ፣ ከባላቸው ከባሻ ወልዴ በቅሎ ኋላ ተፈናጥጠው። አራዳ ያኔ ገበያ ነው፣ ድንኳን ነው፣ ጭቃ ነው። ባሻ ወልዴ ያደረበት ጌታ ለወታደሮቹ መሬት ሲያድል ሜዳው ሜዳው ለባለሟሎች ሄደና ለባሻ ፍየል የማይቆምበት ይህ ገደል ደረሰው። ሌሎቹ ሳቁበት። ጅቡ ከታች ከወንዙ ይመጣል፣ ሽፍታው ከላይ ከገበያው ይወርዳል፣ ውሃ የሚቀዳው ገደሉን ወርዶ፣ እንስራውን አዝሎ፣ ገደሉን ወጥቶ ነው። ባሻ «ሚስቴ ወገቧ ሳይቀጭ እዚሁ ጉድጓድ አወጣለሁ» ብሎ መቆፈር ጀመረ። ሁለት ቁመት ከወረደ በኋላ አንድ ቀን ግድግዳው ተደርምሶ ወረደበት።

ይህን ታሪክ የሰማሁት ከሁሉም ሰው ነው፤ ከራሳቸው ግን አንዴ ብቻ፣ ያውም ሳይፈልጉ። ጎረቤት ተሰብስቦ መጣ፣ ጉድጓዱን ቁልቁል አየ። «ሰውየው መቃብሩን በእጁ ቆፍሯል፤ አፈር መልሱበትና ይበቃዋል» አለ አንዱ። በላይነሽ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ወረዱ፤ በእጃቸውም፣ በዶማም፣ በድስት ክዳንም እየዛቁ እስኪመሽ ባላቸውን አወጡት። ቀበሩት። አርባውን አወጡ። በማግስቱ ያንኑ ዶማ ይዘው ያንኑ ጉድጓድ ወረዱ። አንድ ደካማ ሰውዬ አፈሩን በቅርጫት እየሳበላቸው ወሩን ሙሉ ቆፍረው ውሃ አገኙ። «ምን ነበር የሚያስቡት እማማ፣ እዚያ ውስጥ?» ብላ እናቴ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው። «ምን አስባለሁ?» አሉ። «እሱ የሞተበትን ነገር ሳላገኝ ልተወው?»

ውሃውን መሸጥ ጀመሩ። በአህያ፣ በእንስራ፣ ለጠጅ ቤቱ፣ ለአርመኑ ዳቦ ቤት፣ ለግሪኩ ሱቅ። አራዳም አፉን አይዘጋም፣ ስም አወጣላቸው። «ባል ጠጪ» አላቸው። እንስራ ተሸክማ የምታልፍ ሴት ብትታይ «ከባል ጠጪ ነው የቀዳሽው? እስቲ ቅመሺው፣ ባሻ ባሻ ይላል ወይ?» ይሏታል። ውሃውን ግን ሁሉም ጠጣው። ስሙ ፊታቸው አይጠራም፣ ከኋላቸው ግን እንደ ጅራት ይከተላቸው ነበር፤ እኔ ራሴ ያን ስም የሰማሁት የራሳቸውን ሳላውቅ ነው። በውሃው ክፍል ሠሩ፣ ክፍሉን አከራዩ፣ በኪራዩ ሌላ ክፍል ሠሩ። ቧንቧ በኋላ ሲመጣም ቧንቧው አንድ ቀን ይመጣል አምስት ቀን ይቀራል፤ ጉድጓዱ ቀርቶ አያውቅም።

ደግ ነበሩ ብል ሐሰት ነው። ለዓመት በዓል ለየክፍሉ አንድ ማሰሮ ጠላና የበግ ብልት ይልካሉ፤ ከዚያ ግን መጥተው በሩ ላይ ቆመው ሲበላ ያያሉ። ሰው ሲያመሰግናቸው «ለእኔ አይደለም፣ ለሆድህ ነው» ይላሉ። ውሃ ቀድቶ ያፈሰሰ ልጅ ኩርኩማቸውን ይቀምሳል። አንዴ አንድ ዓይነ ስውር ቆሎ ተማሪ የአጥራቸውን እንጨት መርኩዞ ቢያገኙት እንጨቱን ተቀብለው አጥሩ ላይ መለሱና «ምርኩዝህን ከዘመዶችህ ጠይቅ» ብለው ሸኙት። ምን ያህሉ ተፈጥሯቸው፣ ምን ያህሉ ደግሞ ክሱ ያመጣው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የባሻ ወልዴ የወንድም ልጆች ነበሩባቸው፤ ልጅ ያልወለደች ሴት የአጎታችንን መሬት አትወርስም ብለው ከጣሊያን በፊት የጀመሩት ክርክር አባቶቹ ሞተው ልጆቹ ያስቀጥሉታል። እማማ በላይነሽ በቀጠሮ ቀን ከላቸውን አጥብቀው፣ ባዶ እግራቸውን ችሎት ይሄዳሉ። ጠበቃ ገዝተው አያውቁም። ስማቸውን ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ፤ የዚያ ዘመን ችሎት የአንዲትን ሴት መሬት ሊቀማ ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቷ ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ ነውና። ከባሻ በኋላ አንድ ወንድ ደጃፋቸውን ረግጦ ቡና አልጠጣም።

ዘነበች የምትባል ገረድ ነበረቻቸው። ከሰላሌ በልጅነቷ አምጥተው ያሳደጓት፣ ጠይም፣ ክብ ፊት ያላት፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ። ሥራዋ ውሃ መሳብ ነው፤ ጠዋት ከዶሮ ጋር ተነስታ እስኪመሽ። መዳፏ ከገመዱ የተነሳ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሮ ነበር። ስትስብ በኦሮምኛ ለራሷ ታንጎራጉራለች፤ ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን ዛሬም ላወጣው እችላለሁ። የምትተኛው ማድ ቤት ነው፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ቁርበት ላይ። ጭሱ ዓይኗን አቅልቶት ብርዱ ደረቷን ሲያስላት እናቴ «እማማ፣ ለዚች ልጅ አንዷን ክፍል ቢሰጧት ምን አለ?» ትላቸዋለች። «ማድ ቤት ቤት አይደለም እንዴ?» ይላሉ። «እኔ ስመጣ የበቅሎ ኮርቻ ነበር ቤቴ።» እኔና ዘነበች እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ ፒያሳ ወጥተን የሲኒማ ቤቱን ሥዕሎች እናያለን፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረጉ ሴቶችን እንቆጥራለን። እሷ አንድ የአበባ ጉርድ ቀሚስ ነበራት፣ አባቴ ከቁርጥራጭ የሰፋላት። ያቺን ቀሚስ ስትለብስ ሌላ ሰው ትሆናለች።

እዚያ ሲኒማ በር ላይ ነው ሰውየው ያገኛት፤ የትኬት ቆራጩ። ፀጉሩን በቅባት አሽቶ ወደ ኋላ የሚለቀው። ሆዷ መግፋት ሲጀምር ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ዘነበች ጋቢዋን እየተከናነበች ለወራት ደበቀችው። ነሐሴ ላይ ግን ገመዱን ስትስብ ጋቢው ወደቀ፤ እማማ በላይነሽም በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

ያ ቀን የችሎቱ ቀጠሮ ዋዜማ ነበር። የመጨረሻው ነው፣ ፍርድ ይሰጣል ተብሎ የተወራበት። ዝናቡ የግቢውን አፈር እየጠረገ ቁልቁል ይወስዳል። አባቴ በክረምት በረንዳው ስለሚያፈስ የስፌት መኪናውን ቤት አምጥቶ ይሠራ ነበርና ሁላችንም ቤት ነን። የቁልፉ ዘለላ ድምፅ፣ ቀጥሎ የቁርበቱ ድምፅ ተሰማ፤ ከማድ ቤት ተወርውሮ ጭቃው ላይ ሲያርፍ። በሩን ከፍተን ወጣን። የግቢው ሰው በሙሉ በየበሩ ቆሟል።

«እሜቴ፣ እስክወልድ ብቻ» ትላለች ዘነበች፤ በጉልበቷ ናት።

«እስክትወልጂ? እዚህ? ነገ እነዚያ ውሾች ዳኛ ፊት ቆመው ‹ይኸው፣ ቤቷ የጋለሞታ ቤት ነው› ሊሉኝ?»

«ማንም አያየኝም፤ ከማድ ቤት አልወጣም። ወዴት ልሂድ እሜቴ?»

«ወደ ወሰደሽ።»

እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ገባች። «እማማ በላይነሽ፣ ቀኗ ደርሷል እኮ። ዛሬን እንኳ እኛ ጋ ትደር፤ ነገ በጠዋት እኔ ራሴ ቦታ እፈልግላታለሁ።»

እማማ በላይነሽ ዞረው እናቴን አዩዋት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ሸዋዬ፣ ካዘንሽላት አብረሻት ውጪ። ቤት ሞልቷል፣ ሌላ ተከራዪ። ልጆችሽንም ይዘሽ።»

እናቴ እኛን አየችን። እኔን፣ ታናናሾቼን፣ በሩ ላይ የቆመውን አባቴን። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ የዘነበች ትከሻ ላይ ጣለችላትና ወደ ቤት ተመለሰች። አባቴም መኪናው ላይ ተቀመጠ። ዘነበች ቁርበቷን ከጭቃው አንስታ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወጣች። የስፌት መኪናው ከነፋሱ ጋር እየተሽቀዳደመ ሲንጫጫ እሰማዋለሁ፤ አባቴ ያን ቀን የሰፋው ሱሪ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ተተረተረ፣ መስመሩ ጠሞ ነበር።

እናቴ ሲነጋ ፍለጋ ወጣች። ዘነበችን ያገኘቻት ቁልቁል ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ሥር ነው፤ ከለማኞቹ ጋር። ሌሊት ወልዳለች፤ አንዲት ለማኝ እትብቱን ቆርጣላታለች። ልጁ ብርዱን አልቻለም። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ፍትሐት የለውምና ያለ ካህን ከአጥሩ ጥግ፣ እንደሱ ዓይነት ሕፃናት ከሚቀበሩበት ቀብረውት ነበር። ዘነበች የእናቴን ነጠላ ለልጁ መገነዣ አድርጋዋለች። «ይቅርታ እትዬ ሸዋዬ፣ ነጠላዎን ቀበርኩት» ነበር ያለቻት። እናቴ ገንፎ ይዛ በሳልስቱ ስትመለስ አልነበረችም። ፋብሪካ ገብታለች ሲሉ ሰማን፤ ከዚያ ምንም አልሰማንም።

ለእማማ በላይነሽ ተፈረደላቸው። ሙሉውን፣ ከነገደሉ። በዚያው ሰሞን በግ አርደው ግቢውን ሁሉ ጠሩ፤ ሁሉም መጣ፣ ሁሉም በላ። እናቴም ሄደች፤ ተከራይ ናትና። የባሻን ዶማ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ «ተመለከትክ?» ይላሉ ለዶማው፣ ጠላ ቀመስ እያደረጉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ጥሩ ጥሩ ዓመታት መጡ፤ ወይ ወጣት ስለነበርኩ ይሆናል። ፒያሳ አንድ ጨርቅ ሱቅ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሐር፣ ሽፎን፣ ቴትሮን፣ ከፋይ፤ በእጄ ዳብሼ ዓይኔን ጨፍኜ እለየው ነበር። ሴቱ ቀሚሱን ከጉልበት በላይ አወጣው፣ ወንዱ ሱሪውን ከታች እንደ ደወል አሰፋው፣ ፀጉር እንደ ጎፈሬ ተከመረ፤ አባቴ «ይሄ ሁሉ ጨርቅ ታች ከሚባክን ወደ ላይ ቢወሰድ ሴቶቹ ይሸፈኑበት ነበር» እያለ የሁለቱንም ይሰፋል። እዚያው ሱቅ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረውን ባሌን አገባሁ፤ ከእናቴ ጎን ያለችውን ክፍል ከእማማ በላይነሽ ተከራየን። ኪራዩን ሲቀበሉ «ውለጂ፣ ግን አታስጩሂ» አሉኝ።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ሬዲዮው ዘፈን ትቶ ማርሽ ብቻ ሆነ፤ ከሱቃችን ከፋዩ ጠፍቶ ካኪ ገባ። መሬትም የማንም አይደለም፣ ትርፍ ቤትም የመንግሥት ነው ተባለ። ቀበሌ የሚባል ነገር በአንድ ሀብታም መጋዘን ውስጥ ተቋቋመ። የቀበሌው የሴቶች ኃላፊ ሆና የመጣችው፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ካኪ ለብሳ፣ ዘነበች ናት። እኔ መጀመሪያ በመዳፏ ነው ያወቅኳት፤ ሰላም ስትለኝ።

የስብሰባው ዕለት መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። እማማ በላይነሽ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው አልተቀመጡም፣ ቆመዋል። ተራቸው ሲደርስ ዘነበች ተነሳች።

«በአዋጁ መሠረት ለአንድ ሰው አንድ ቤት ይፈቀድለታል። ላንቺም ተፈቅዶልሻል፣ በላይነሽ። ማድ ቤቱ።»

መጋዘኑ ጭጭ አለ፤ ስለ ቤቱ አይደለም፣ ‹አንቺ› ስላለቻቸው ነው። ያችን ሴትዮ ‹አንቺ› ያላቸው ሰው ቢኖር ባሻ ወልዴ ነበር።

«ማድ ቤት ቤት ነው እንዴ?» አሉ እማማ በላይነሽ።

«እኔ ስተኛበት ቤት ነው አላልሽም?»

ሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቁት የበጉን ብልት የበሉት ናቸው። «ባል ጠጪ!» የሚል ድምፅም ከኋላ ተሰማ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው። እናቴ እጇን አውጥታ ተነሳች፤ «አሮጊት ናቸው፣ ሳሎኑ ይቅርና አንዷን ክፍል…» ስትል ዘነበች አቋረጠቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ሸዋዬ፣ እርስዎ ያን ቀን ተናግረው ነበር፤ አልረሳሁትም። ዛሬ ግን ይቀመጡ» አለቻት። እናቴ ተቀመጠች።

ትልቁን ቤት ቀበሌው ለራሷ ለዘነበች መራላት። በቀድሞ እመቤቷ የብረት አልጋ ላይ ተኛች። እማማ በላይነሽ ከል ልብሳቸውንና የባሻን ዶማ ይዘው ማድ ቤት ገቡ። ጥቂት ወር ቆይቶ ደግሞ ጉድጓዱ ለጤና አደገኛ ነው፣ ይደፈን ተባለ። ድንጋይና ቆሻሻ የጫነ ጋሪ መጣ። እማማ በላይነሽ ወጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔን ጨምራችሁ ድፈኑት» አሉ። አንድ የአብዮት ጠባቂ እንደ ጆንያ አንስቶ ጥግ አስቀመጣቸው። ያኔ ጮኹ። «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ሰፈራችን እሪ በከንቱ የተባለው በጥንት ጊዜ ሽፍታ የያዘው ሰው ቢጮኽ ደራሽ ስለማያገኝ ነው ይላሉ። ያን ቀን ሽፍታ አልነበረም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ በየበሩም ሰው ቆሟል። እናቴ ብቻ ሄዳ አቀፈቻቸው። ዘነበች ክንዷን አጣጥፋ የመጨረሻው ድንጋይ እስኪወድቅ አየች።

ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር ያሳፍራል። አራዳን ውሃ ያጠጡ ሴትዮ ጀሪካን ይዘው ቦኖ ይሰለፉ ነበር። ሰልፉን ይቀድሟቸዋል፤ ተራቸው ሲደርስ ውሃው ይሄዳል። ለጽዳት ዘመቻ ዘነበች በር በሩን እያንኳኳች ስትጠራ ከሁሉ ቀድማ «በላይነሽ!» ትላለች፤ እሳቸውም መጥረጊያቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን ቦኖው ጋ አግኝቻቸው ጀሪካኑን ልቀበላቸው ስል እጄን ገፉት። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። «ወገብሽን ጠብቂ» አሉኝ። «የተሸከመች ሴት አትሸከምም።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ ድንጋይ ነው።

እናቴ አልቻለችም። በዓቢይ ጾም አንድ ሽማግሌ ቄስና አንድ የጡረታ መቶ አለቃ ለምና አስታራቂ ቀጠረች፤ እኔም ውሃ ላቀርብ አብሬ ገባሁ። ዘነበች እንግዶቹን ሳሎን አስቀመጠች። እማማ በላይነሽ ከማድ ቤት መጥተው የገዛ ሳሎናቸው በር ላይ ቆሙ፤ ዘነበች «ተቀመጪ» እስክትላቸው።

ቄሱ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ ዘነበች፣ «አባ፣ እኔ ቤቱንም አልፈልገው» አለች። «አንድ ቃል ብቻ ትበለኝ። ‹አጠፋሁ› ትበል። ዛሬውኑ አልጋዋን እመልሳለሁ።»

ሁላችንም ወደ እማማ በላይነሽ ዞርን። ቀላል ነበር። እኔ ብሆን አሥር ጊዜ እለው ነበር።

«አልልም» አሉ። «መሬቱን ለመያዝ ወጣትነቴን ሰጠሁ፣ ስሜን ሰጠሁ፣ ባሌንም ሰጠሁ። ያን ቀን አንቺን ብሰጥ ምን ይገርማል? ዛሬም ያ ቀጠሮ ቢመጣ አስወጣሻለሁ።»

«መሬቱ የታለ ታዲያ?» አለች ዘነበች።

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ዘነበች ልትነሳ ስትል እማማ በላይነሽ ወለሉን እያዩ፣ «ልጁ… ወንድ ነበር ሴት?» አሉ።

«ወንድ።»

«ስም አወጣሽለት?»

«ለማን? ለአንድ ሌሊት?»

እማማ በላይነሽ ተነስተው ወጡ። እርቁ በዚያው ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ግቢ ስንት ዓመት ሲኖሩ ቃል ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ዘነበች አላገባችም፣ አልወለደችም። በዚያ ትልቅ ቤት ብቻዋን ኖረች። ዘመኑ ሁለተኛ ተገልብጦ ካኪዋን ስታወልቅም እዚያው አረጀች፣ እዚያው ሞተች፤ ቤቱም ባለፈው ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። ሰዎች መጥፎ ሴት ነበረች ይላሉ። ይበሉ።

እማማ በላይነሽ የታመሙት ክረምት ላይ ነው። ማድ ቤቱ ያፈሳል፤ ደረታቸው ይንኳኳል። እኔና እናቴ ሾርባ በማንኪያ እናጎርሳቸዋለን፤ አንድም ቀን ‹እግዜር ይስጥልኝ› አላሉም። ጥቂት ሲቀራቸው የእናቴን እጅ ያዙ። «ሸዋዬ፣ ከባሻ አጠገብ ቅበሩኝ» አሉ። «እዚሁ ቁልቁል፣ ቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ፣ ከዋንዛው ሥር ነው። ቦታውን ከጎኑ ትቼዋለሁ።» እናቴ ይህን ለዘነበች ነገረቻት፤ ቀብሩን የሚፈቅደው ቀበሌው ነውና። ዘነበች «ሰማሁ» ብቻ አለች።

በሞቱ ጊዜ ዘነበች ማንንም አላስገባችም። ራሷ አጠበቻቸው። ከማድ ቤቱ አውጥታ ትልቁ ቤት፣ ብረት አልጋው ላይ አስተኛቻቸው፤ ከሉን አውልቃ በአዲስ ነጭ ኩታ ገነዘቻቸው። በዚያ ነጭ ልብስ ውስጥ የማላውቃቸው ሴትዮ መሰሉኝ። ለቀስተኛው ጥቂት ነበር፤ ከግቢው ሰው ግማሹ ከበር አልወጣም።

ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የማናውቃቸው ወጣት ቄስ ወጡ። «ባለ ሬሳው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ዘነበች።

«ለሟች ምናቸው ነሽ?»

«ገረዳቸው።»

ፍትሐቱ አልቆ ቃሬዛውን ሲያነሱ እናቴ ቀድማ ወደ ዋንዛው አመራች። ሰዎቹ ግን አልተከተሏትም። ዘነበች ከፊት ከፊታቸው እየሄደች በሌላ በኩል፣ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻቸው፤ ሣሩ ረዝሞ ምልክት የሌላቸው ትንንሽ ጉብታዎች ወዳሉበት። መቃብሩ ተቆፍሮ ይጠብቅ ነበር። እናቴ በሩጫ ተመልሳ መጣች።

«ዘነበች፣ ስለ እግዚአብሔር! ከባሻ አጠገብ ነው ያሉት። በዕድሜያቸው ሰው ለምነው አያውቁም፣ ይህን አንድ ነገር ነው የለመኑት። ነግሬሽ የለም?»

«ነግረውኛል እትዬ ሸዋዬ።»

«ታዲያ ከሞተ ሰው ጋር ነው የምትጣዪው?»

ዘነበች አላለቀሰችም። ያቺን ጠንካራ መዳፏን ከመቃብሩ ጎን ያለች ትንሽ ጉብታ ላይ አሳርፋ ተንበርክካ ነበር፤ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ባሻ ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱን ይችላል» አለች። «ልጄ ግን እዚህ ብቻውን ነው። እሳቸው ይጠብቁልኝ።»

ከዚያ ወደ ቀባሪዎቹ ዞረች።

«አውርዷቸው» አለች።